ለምድር የጠፋ መብራት

ጸሐፊዋ እያለከለከች ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የሕንፃው መብራት ሠራተኛ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆመዋል። የሰማያዊ ቱታቸው ክርን በሌላ ቀለም ጨርቅ ተጥፏል። መነጽራቸውን በሕፃን ካልሲ ይወለውላሉ።

"አባባ፣ አለቃችን ለዝግጅቱ መብራቱን አሁን ያጥፉ ብለዋል። ለምድር ብለን፣ አየሩ እንዳይበከል፣ ለአንድ ሰዓት መብራት እናጠፋለን።"

"የመድረኩ ድምፅ ማጉያስ? ካሜራውስ?"

"ለእሱ ጄኔሬተሩን ያስነሱ ተብሏል።"

ሰውየው ቀና ብለው አዩዋት። እጃቸውን ማጥፊያው ላይ ቢያሳርፉም አልተጫኑትም። ከላይ ለዝግጅቱ የተሰበሰበው ሕዝብ ቁልቁል መቁጠር ጀመረ። አስር! ዘጠኝ! መብራቱ በሰዓቱ ባይጠፋ የአለቃዋ ቁጣ የሚወርደው በእሷ ላይ ነው።

"አባባ፣ በፈጠረዎት!"

እሳቸው ግን በሌላ እጃቸው ስልክ ደወሉ። "ልጄ፣ በአጥሩ በኩል ያለውን መስኮት ዝጊው። የሕፃኑን አልጋ ወደ በሩ ሳቢው። አዎ፣ ጄኔሬተሩ ዛሬም ሊነሳ ነው።"

ጸሐፊዋ የጄኔሬተሩን የጭስ ቱቦ በዐይኗ ተከተለችው። ግድግዳውን በስቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። ከአጥሩ ማዶ ያሉትን የቆርቆሮ ቤቶች በየቀኑ ከቢሮዋ መስኮት ታያቸዋለች።

ሁለት! አንድ!

ጨለመ። ጄኔሬተሩ አጓራ። ከላይ ጭብጨባው ቀለጠ።

"ሰዓት ያዢልኝ፣ የኔ ልጅ" አሉ ጮክ ብለው፤ "ከስልሳ ደቂቃ አንዲት እንዳታልፍ።"

እሺ ብላ የስልኳን ሰዓት አበራች። ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ካልሲውን በመዳፋቸው ጨብጠው ጠየቋት፦

"ስንት ደረሰ?"