እግር የሌለው ፎቶ

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ዝናብ ሲያካፋ አድሮ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። እናቴ በሶና ድርቆሹን በካሜራዬ ሳጥን ጎን ስትጠቀጥቅ፣ አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቶ ነበር። አለመተኛቱን ግን ሁለታችንም እናውቃለን። አባቴ እንቅልፍ ከወሰደው ያንኮራፋል፤ ያን ሌሊት ድምፁ አልተሰማም። የሚለውን አስቀድሞ ብሏል፤ ጤነኛ ሰው አገሩን ጥሎ በሁለት ጎማ አይሄድም፣ ከሄድክ ወዲያ ስምህ በዚህ ቤት አይነሳም። እናቴ በር ድረስ ሸኘችኝና «ፎቶህን ላክልኝ፤ ካየሁህ ይበቃኛል» አለችኝ።

ፒያሳ ተቀጥሬ የሌላ ሰው ማኅተም የሚያርፍበትን ፎቶ ሳጥብ ኖሬያለሁ። ወላይታ ሶዶ ፎቶ ቤት የለም ሲሉኝ ጊዜ ነው የተነሳሁት። ሃምሳዎቹ ገና መጀመራቸው ነበር፤ ከሻሸመኔ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃ ብቻ ነው፣ ብስክሌቱ እኔን ከተሸከመው እኔ እሱን የተሸከምኩት ይበልጣል። እናንተ እዚያ የቀራችሁ፣ ሶዶ የዓለም ጫፍ ይመስላችኋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ደርሼ የዳሞታን ተራራ ጉም ለብሶ ሳየው ግን እንጦጦ ከኋላዬ የተከተለኝ መሰለኝና እንባዬ መጣ። ደግነቱ ዝናብ ስለነበር ማንም አልለየውም።

ፈቃድ ለማውጣት የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ብቀርብ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጣ አለኝ። በከተማው ፎቶ አንሺ የለም አልኩት። «አንተ አለህ» አለኝ። እንግዲያው ራሴን ላንሳ ስለው፣ «ያለ ፈቃድ ካነሳህ እቀጣሃለሁ፤ ያለ ፎቶ ደግሞ ፈቃድ የለም» ብሎ ሻዩን ፉት አለ። መጨረሻ ላይ እሱንም አነሳሁትና ሁለታችንም ጥፋተኛ ሆንን፤ ፈቃዱ በማግስቱ ወጣ።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ አሰለፈች አያታቸው ከመንዝ የመጡ ናቸው። መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ ስሰቅል ሮጠው መጡ።

«በቤቴ ማን ሞቶ ነው?»

ፎቶ የሚታጠበው በጨለማ ነው አልኳቸው። «በብርሃን ያነሳኸውን በጨለማ የምታጥበው ምን ሠርተህ ነው?» ብለው አማተቡ። እስኪለምዱኝ ድረስ በሩን ያንኳኩ ነበር፤ ፊልም የተቃጠለብኝ ብዙ ነው። ክፍሏ ጠባብ ከመሆኗ የተነሳ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ ባፈገፍግም ከደረት በታች አይገባልኝም። እንዲህ እንዲህ እያልኩ የጉርድ ፎቶ ሰው ሆንኩ። ለእናቴ የምልከውም የራሴ ፎቶ እዚያችው ክፍል ውስጥ የተነሳ ጉርድ ነበር።

ሶዶ ሁለት ጎራ ነው። ከእትዬ አሰለፈች ጎረቤቶች ጋር ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ጥምቀት ሲሆን ታቦት ሲወጣ አነሳለሁ። እሑድ ደግሞ የሚሽን ሰዎችን ከጸሎት ቤታቸው ደጅ አነሳለሁ። እነዚህ ከእነዚያ ጋር ምን አለህ ይሉኛል፣ እነዚያም እንደዚያው። ግድግዳዬ ላይ ግን ጎን ለጎን ተሰቅለው ይውላሉ። ሣራን ያገኘኋት ከሚሽኖቹ ዘንድ ነው፤ አስተማሪ ናት፣ ከሶዶ ወጣ ብላ ያለችው የሻንቶ ልጅ። መጀመሪያ ቤታቸው ስሄድ ቦይና የሚሉትን የተቀቀለ ሥር በዳጣ አቀረቡልኝ። ዳጣው የእናቴን አዋዜ ገራም ያስባለ ነገር ነው። እንባዬ ሲወርድ «አገርህ ናፈቀህ?» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቱን ለመናገር ናፍቆኝም ነበር። መጋባታችንን ለእናቴ ጻፍኩላት፤ አባቴ ይስማ አይስማ አላውቅም።

በገበያ ቀን ካሜራዬን ብስክሌቱ ላይ አስሬ ሻንቶ፣ መንገዱ ሲደርቅ እስከ ሃላሌ ድረስ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሻንቶ ላይ የሣራ ቤተሰቦች ጎረቤት የሆነች አንዲት እናት ፎቶ አንሳኝ አለችኝ። ልጇ አንጁሎ ወንጂ ሸንኮራ ሊቆርጥ ሄዶ ዓመታት ቆይቷል። ሣራ ሙሉ አንሳት፣ እዚህ አገር ሰው እግሩ ካልታየ ፎቶ አይባልም ብላኝ ነበር። እኔ ግን ፊቷን ወደድኩትና እንደ ልማዴ ከደረቷ ላይ ቆረጥኩት። ፎቶው በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ወንጂ ሄደ።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አቧራ የጠጣ ጎልማሳ ፎቶ ቤቴ ገብቶ ቆመ። ፎቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ፤ አማርኛው ሰባራ ነው።

«ይሄ ያነሳው አንተ ነህ? እናቴ እግሩ ምን ሆነ?»

ደህና ናት አልኩት። አላመነኝም።

«እኛ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አንልክም» አለኝ። «ፎቶ ስንልክ ደግሞ ቆመን ነው፣ እስከ እግር። ጤና ነኝ ለማለት። ይሄን ሳይ ደበቁኝ አልኩ።»

የእኛም ቤት እንደዚሁ ነው፤ ለስደተኛ መርዶ የሚነገረው እቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከኋላዬ አስቀምጬው ወደ ሻንቶ ነዳሁ። ዳገት ላይ ወርጄ ልግፋልህ ቢለኝም እምቢ አልኩት፤ ዕዳዬ ነውና። ሻንቶ ልንገባ ስንል አንዲት ሴት ቦይና በጀርባዋ አዝላ ፈጠን ፈጠን እያለች ከፊታችን ትሄዳለች። ብስክሌቱ ሳይቆም ዘሎ ወረደ። ሥራህን ጥለህ ምን አመጣህ ብላ ተቆጣችው፤ ቁጣዋን ሳትጨርስ ሸክሟን ጭቃው ላይ ጥላ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ትስመው ጀመር። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ በዚያን ቀን ዝናብም አልነበረም።

ስሰናበታቸው አንድ ነገር አለችኝ። አንጁሎ ሳቁ እያመለጠው ተረጎመልኝ።

«ሌላ ጊዜም እግሬን ቆርጠህ አንሳኝ ይላል።»

እየሳቅኩ ወደ ሶዶ ስመለስ መንገድ ላይ ሳቄ ቆመ። እኔስ ለእናቴ ስልክላት የኖርኩት ምን ዓይነት ፎቶ ነው?

በማግስቱ ስልክ ቤት ሄጄ የሠፈራችን ባለሱቅ ዘንድ አስደወልኩ። እናቴን እስኪጠሯት ድረስ ተጠባበቅሁ።

«እማዬ፣ ፎቶው ላይ እግሬ አለመኖሩን አይተሻል?»

«እኔስ ፊትህ ይበቃኛል» አለች። «አባትህ ነው እንጂ። ፎቶ በመጣ ቁጥር መነጽሩን አድርጎ ከግርጌው ከግርጌው ያያል። ብስክሌቱ ሰብሮታል፣ ልጄን ደብቀውኛል ይላል። ይኸው ተከትሎኝ መጥቶ አጠገቤ ቆሟል።»

ስሜ አይነሳም የተባለበት ቤት! ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ይሰማኛል።

«እግርህ አለ?» አለ አባቴ።

«አለ አባባ። ሁለቱም።»

«ታዲያ ለመምጣት ምን ይጠብቃል?»

«ብቻዬን አይደለሁም» አልኩት።

«ሰምቻለሁ» አለ። አሳለው። «ያ ብስክሌት ስንት ሰው ይይዛል?»

አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ስልከኛዋ መልሼ እሞክርልሃለሁ፣ ጠብቅ አለችኝ። ሣራ ደጅ ላይ ብስክሌቱን ይዛ ቆማ ነበርና አባቴ የጠየቀኝን ነገርኳት። ገፋ ያለ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ መጀመሪያ የኋላ መቀመጫውን፣ ቀጥሎም ከፊት ያለውን ብረት አየች።

«ከጊፋታ፣ ከዘመን መለወጫችን በፊት ከሄድን ሁለት፣ ዓመቱ ከተለወጠ ሦስት በለው» አለችኝ።

ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፈን መስመሩን ልንጠብቅ ገባን።