ሴድሪክ ያልፈረመበት ወረቀት

ማቪስ ከደም ካንሰር ድና ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነላትም። ካቻምና በብስክሌት ባሕሩ ድረስ ሄደች፤ አምና ሐይቅ በዋና አቋረጠች። ዘንድሮ ደግሞ በሰባ አንድ ዓመቷ ከመንደሩ ጀርባ ያለውን ኮረብታ በአንድ ቀን አሥር ጊዜ ልወጣ ነው ብላ ተነሣች። በዚህ የሚሰበሰበው ገንዘብ እሷን ላዳነው የሕክምና ክፍል ነው። እንደ አገሩ ወግ የስፖንሰር ወረቀቷን ይዛ ቤት ለቤት ዞረች። ሰዉ ለአንድ ዙር ይህን ያህል እሰጣለሁ እያለ ፈረመላት። ቄሱ ፈረሙ፤ በአበባ ውድድር ሰበብ ያኮረፈቻት ጎረቤቷ እንኳ ፈረመች። እንቢ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ባሏ ሴድሪክ።

"እዚህ ቤት እስክሪብቶ ጠፋ እንዴ?" አለችው።

"ሞልቷል" አለና ቲማቲሙን ሊያጠጣ ወጣ።

አገር ምድሩ ሲፈርም የገዛ ባል ሲቀር ያማል።

ቅዳሜ ዕለት ስምንቱን ዙር እንደምንም ተወጣችው። ዘጠነኛው ላይ ግን መሀል መንገድ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳት፤ ከንፈሯ አመድ መሰለ። እንዳታቆም፣ ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ድርቅና ደግሞ አብሯት የተወለደ ነው። ዞር ስትል ሴድሪክ የሚያመውን ጉልበቱን እየጎተተ፣ በከዘራ እየተደገፈ ሲመጣ አየችው።

"ቁጭ በይ" አላት።

"ሰው የፈረመልኝ በዙር ነው። ብቀመጥ የሕክምና ክፍሉ ይጎዳል።"

"እንግዲያው እኔም ልፈርም። ቁጭ ላልሽበት ለእያንዳንዷ ደቂቃ አንድ ፓውንድ።"

"አብደሃል አንተ ሰውዬ?"

"ሰዓት ይዣለሁ።"

ለክፍሉ የሚገባ ገንዘብ ማሳለፍ አትወድምና ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እሱም አጠገቧ ተቀመጠ።

"ለምንድን ነው ያልፈረምክልኝ?"

ሴድሪክ በከዘራው ሣሩን ጫር ጫር አደረገ።

"ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ፣ ቀጥ እንዳይልብኝ እየፈራሁ ትንፋሽሽን ስቆጥር ነበር የምውለው። አሁን ትንፋሽ እንዲያጥርሽ በገዛ እጄ ልፈርም?"

አርባ ስድስት ዓመት አብረው ሲኖሩ እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከታች ሰዎች ስሟን እየጠሩ ያጨበጭባሉ፤ የኮረብታው ጫፍም ሩቅ አልነበረም።

"ስንት ደረሰ?" አለችው።

"አምስት ፓውንድ።"

"መቶ አድርሰው" አለችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።