አፍንጫው የቀለለው አውሮፕላን

ሰፈርተኛው «ጥርስ ሠሪው» ይለዋል፤ ሥራውም እሱው ነው። ጥርሳቸው ላለቀ ሰዎች ሰው ሠራሽ ጥርስ ይቀርጻል፣ ይሞርዳል፣ ያስተካክላል። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲሞላ ይውላል፤ የራሱን አፍ ለመክፈት ግን የሚለግም ሰው ነው። ደስ ሲለው ያፏጫል፣ ሲከፋው ዝም ይላል። በመካከል ያለውን ሁሉ ሚስቱ በግምት ነው የምትኖረው።

ልክፍቱ የፕላስቲክ አውሮፕላን ነው። የልጆች መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። እሱ የሚወደው ትልልቁን ነው፤ በካርቶን ውስጥ ብትንትኑ ወጥቶ የሚመጣውን፣ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ደግሞ ክንፉ የምግብ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር የሚይዘውን። እያንዳንዱን ቁራጭ በስለት ከክፈፉ ይቆርጣል፤ ጠርዙን ለጥርስ በሚጠቀምበት ሞረድ ያለሰልሳል፤ ያጣብቃል፤ የመጋጠሚያውን ስንጥቅ ሞልቶ እንደገና ይሞርዳል፤ ከዚያ ቀለም ይነፋበታል። ለአንድ አውሮፕላን ወራት ይፈጃል። ሚስቱ ጠረጴዛውን «ኤርፖርት» ብላዋለች። እንግዳ ሲመጣ «ይቅርታ፣ ኤርፖርቱ ሥራ ስለበዛበት ሳህናችሁን ጭናችሁ ላይ ያዙልኝ» ትላለች። ታላግጥበታለች እንጂ ከልክላው አታውቅም፤ ዝም ብሎ ግድግዳ ከሚያይ ፕላስቲክ ቢሞርድ ይሻላል ባይ ናት።

የዚያን ጊዜው አውሮፕላን ግን እንደሌሎቹ ለራሱ ደስታ የሚሠራው አልነበረም። ለጋሼ ነበር።

ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ናቸው። እናትና አባታቸው በልጅነቱ ሲሞቱ ያሳደጉት፣ ያስተማሩት፣ የዳሩት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት የጭነት አውሮፕላን በማስጫን ነው። የትኛው ሣጥን ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሚገባ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ፤ ሞተር እያጓራ እንኳ ድምፃቸው ከዳር ይሰማል ይባልላቸዋል። ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለና ብቻቸውን መኖር አቃታቸው። ጥርስ ሠሪው አምጥቶ የኋላውን ክፍል ሰጣቸው።

ቤቱ ተመቻቸው፤ መረዳቱ ግን አልተመቻቸውም። ምግብ ሲመጣላቸው በራቸውን ዘግተው በግራ እጃቸው እያንጠባጠቡ ይበላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጥርስ ሠሪው ማንኪያ ይዞ ቀረብ ቢል፣ «ማሙሽ፣ ያጎረስኩህ እኔ ነኝ። አሁን ተገልብጦ አንተ ልታጎርሰኝ ነው?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ሽበት ያወጣን ሰው ማሙሽ የሚሉት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን በዚህ ስምም እምብዛም አልጠሩትም። ድምፃቸው ጠፋ፤ ከክፍላቸውም የሚወጡት ለመታጠብ ብቻ ሆነ።

ይኼኔ ነው ጥርስ ሠሪው እሳቸው ሲያስጭኑት የኖሩትን ባለ አራት ሞተር የጭነት አውሮፕላን በካርቶን ፈልጎ ያገኘው። ሠርቶ ጨርሶ ፊታቸው ሊያቆመው፣ እሳቸውም አይተው ደስ ሊላቸውና ከዚያ ክፍል ሊወጡ። ሐሳቡ ይኸው ነው። ክንፎቹን ሠራ፣ ሞተሮቹን ሠራ፤ አካሉ ገና በቁመቱ ሁለት ግማሽ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ጋሼ አንድ ምሽት አስጠሩት።

«የአረጋውያን መኖሪያ ቦታ አግኝቻለሁ» አሉት። «ሰኞ መኪና ልከው ይወስዱኛል። የማንም ሸክም ሆኜ አልኖርም።»

ክው አለ። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ እግራቸው ላይ ይወድቃል። የእኛ ሰው ምን አለ መሰላችሁ? «እሺ ጋሼ» ብሎ ወጣ።

ሚስቱ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። «እሺ? አይሂዱ ማለት ምን ይከብዳል?»

«አውሮፕላኑን ሲያዩ ይገባቸዋል።»

«ፕላስቲኩ ነው የሚናገርልህ?»

አጎንብሶ ሥራውን ያዘ። እስከ ሰኞ ካልደረሰ ነገሩ ሁሉ አበቃ ብሎ ስላሰበ እጁ ከወትሮው ፈጠነ። ሁለቱን የአካል ግማሾች አጣብቆ አሰራቸው፤ ክንፉን ሰካ፤ ቀለሙን ነፋ። እሱ ሁልጊዜ ከመመሪያው ሥዕል ዓይኑን የማይነቅል ሰው፣ ያን ሰሞን መመሪያውን በግምት ነበር የሚያልፈው።

እሁድ ረፋዱ ላይ ቀለሙ ደረቀ። ጎማዎቹን ገጠመ፤ አውሮፕላኑን በሁለት እጁ ይዞ በእግሩ አቆመውና ቀስ ብሎ ለቀቀው። አፍንጫው ወደ ላይ ተነሳ፣ የፊት ጎማው አየር ላይ ተንጠለጠለ፣ ጭራው ጠረጴዛውን ጓ አደረገው። ያ ሁሉ ድካም በቂጡ ተቀመጠ።

ከዚህ ልክፍት ጋር የኖረ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። የፊት ጎማ ያለው አውሮፕላን የሚከብደው ከኋላው ስለሆነ፣ አካሉ ከመዘጋቱ በፊት አፍንጫው ውስጥ የብረት ወይም የእርሳስ ክብደት ይገባል። አለዚያ በሦስት እግሩ አይቆምም። ጀማሪዎች ሲረሱት ጥርስ ሠሪው ራሱ ስንቴ ስቆባቸዋል። አሁን ሁሉም ተጣብቋል፣ ተቀብቷል። ወንበሩ ላይ ተዘርፍጦ ጭንቅላቱን ያዘ። ሚስቱ ልትስቅ ብላ ፊቱን ስታይ ተወችው።

ጋሼ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ለመታጠብ የወጡት በዚህ መሐል ነው። ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። አዩት፤ አፍንጫውን ሰቅሎ ተቀምጧል።

«ይሄን ያለ ድጋፍ ያቆመው ማነው?»

ድምፁ ቤቱን ሞላው። ባልና ሚስት ተያዩ፤ ይህን ድምፅ ከሰሙት ቆይቷል።

«ከጭራው ሥር ብረት ሳይገባ አንዲት ሣጥን አይነካም!» አሉ ጋሼ። «ከኋላ ቀድመህ ከጫንክ እንዲህ በቂጡ ይቀመጥልሃል። ስንቱን ልጅ ነው በዚህ ያባረርኩት...» ቀጠል ሊያደርጉ ሲሉ ጠጋ ብለው አጤኑት። ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ዳር አስደገፉ፤ ግራ እጃቸው በክንፉ ላይ ሄደ፤ ሞተሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ፤ ከኋላ ያለው የጭነት በር ላይ ቆመ። «የኛው ነው» አሉ ዝግ ብለው። «ለማነው የሠራኸው?»

«ለእርስዎ።»

«ምን ላደርገው?»

ጥርስ ሠሪው ከንፈሩን ነከሰ። ሚስቱ ከኋላቸው ሆና ዓይኗን አፈጠጠችበት። ወደ መሬት እያየ፣ «መጀመሪያ ከክፍሉ እንዲወጡ፣ አሁን ደግሞ እንዳይሄዱብኝ ብዬ ነው» አለ። «ይሂዱ ማለቴ አልነበረም። እሺ ያልኩት መናገር አቅቶኝ ነው። ጋሼ፣ እርስዎ ከሄዱ ቤቱ ባዶ ነው የሚሆንብኝ።»

ጋሼ እጃቸውን ከአውሮፕላኑ አነሱ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እና አንተ» አሉ በመጨረሻ፣ «ይሄን በአፍህ ማለት አቅቶህ ነው ይህን ሁሉ ወር ፕላስቲክ ስትሞርድ የከረምከው?»

«እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው» አለች ሚስት።

ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ይልቅ ወደ ሥራችን። አፍንጫው ክብደት ይፈልጋል፤ በየት በኩል ይገባል?»

በፊት ጎማው ማጠፊያ በኩል መብሳት እንደሚቻል ነገራቸው። የጥርስ መሰርሰሪያውን አመጣ፤ በቀዳዳው የእርሳስ ፍንጣሪ እያስገባ በመሐሉ ማጣበቂያ አንጠባጠበ። ጋሼ በግራ እጃቸው እየመዘኑ «ጨምር» ይሉታል፤ «አሁንም ጨምር፤ በቃ።» ማጣበቂያው ወደ ኋላ እንዳይፈስ አፍንጫው እስኪደርቅ ቁልቁል መያዝ ነበረበት። የያዙት ጋሼ ናቸው። እንደያዙ ምሳ ደረሰ።

«ጋሼ፣ መጽሐፍ ነገር እንጫንበትና ይብሉ» አለ ጥርስ ሠሪው።

«መጽሐፉ ሸርተት ቢልስ? የያዝኩትን ጭነት ለሌላ ትቼ ምሳ ሄጄ አላውቅም።»

ሳህኑ መሐላቸው ተቀመጠ። ምግቡ መቀዝቀዝ ጀመረ። ጋሼ ዓይናቸውን ከአፍንጫው ሳይነቅሉ፣ «ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉ። «ያለችኝ አንድ እጅ ናት፣ እሷም ሥራ ላይ ናት። አጉርሰኝ እንጂ።»

ጥርስ ሠሪው ማንኪያውን አነሳ። ጥቂት ፈሰሰበት። ጋሼ ጎረሱ፣ አላመጡ፣ ዋጡ።

«ነገ ያ መኪና ሲመጣ» አሉ፣ «ውጣና ጋሼ አይሄዱም በላቸው። በአፍህ።»