ጋሽ ደምሴ አደራ የሰጡኝ ካሴት

ለኮልፌ ጎረቤቶቼ፣ ለዕድራችን አባላት፣ በስልክ ብቻ ለምታውቋቸው ልጆችም፦ ሶፋ ሰሪው ጋሽ ደምሴ ባለፈው ሐሙስ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር። የጎደለ ነገር ነበረበት፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው ዘፋኝ ነበሩ። አንድ ዘፈን በሸክላ አስቀርጸው፣ ኑሮ ሲከብዳቸው አኮርዲዮናቸውን ሰቅለው ወደ ሶፋ ሥራ ገቡ። ከገበያው ጀርባ ባለችው ሱቃቸው ትንንሽ ሚስማሮች በከንፈራቸው ይዘው እያንጎራጎሩ ይሠሩ ነበር። የዕድሩን ድንኳን ሁልጊዜ የሚጥፉት እሳቸው ነበሩ፤ ክር እንኳ ግዙልኝ ብለው አያውቁም። «ሐዘንተኛ ላይ ዝናብ አይግባ» ይሉ ነበር።

ቤታቸውን ሲያድሱ አንዲት ካሴት አምጥተው ሰጡኝ። ሁለተኛውን ዘፈናቸውን በአኮርዲዮን እየተጫወቱ ቤታቸው የቀዱባት ናት። «ዘነቡ፣ ይቺን ያዥልኝ። ሌላ ቅጂ የለኝም» አሉኝ። ማንም እንዳይቀዳባት ከጀርባዋ ያሉትን ትንንሽ ፕላስቲኮች ሰብረዋቸው ነበር።

የልጄ ሰርግ ቀን ባዶ ካሴት አለቀብን። የተሰበሩት ፕላስቲኮች የተዉትን ቀዳዳ በወረቀት ወትፌ የሙሽራዋን ዘፈን ቀዳሁባት። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። እሳቸው ከዘፈን ርቀው ነበርና አልጠየቁኝም፤ እኔም ሳጥን ውስጥ ቀበርኳት።

ካቻምና የልጅ ልጄ ሜላት የጋሽ ደምሴን የሸክላ ዘፈን በስልኳ አገኘችው። ለካ ልጆች እየጨፈሩበት ኖሯል። ሱቃቸው ድረስ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት።

«አባባ፣ ይሄ እርስዎ ነዎት? በማርያም?»

«ያኔ ፀጉር ነበረኝ።»

«ፎቶው ላይማ ቆንጆ ነዎት።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሶፋው ቆንጆ ነው።»

ሚስማሩ ከአፋቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ከጦር ኃይሎች ሰፈር ድረስ ወጣቶች እየመጡ አብረዋቸው ቪዲዮ ይቀረጹ ጀመር። ሌላ ዘፈን የለዎትም ወይ ይሏቸዋል። አንድ ቀን ቤቴ መጡ።

«ዘነቡ፣ ካሴቷ አለች አይደል?»

«አይጥ በላት፣ ጋሽ ደምሴ» አልኳቸው።

«አይጧ ዘፈን ትወዳለች ማለት ነው» አሉኝ። ያቀረብኩላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

በዕድራችን፣ የተዋሰውን ድስት ሰንጥቆ የመለሰ ሰው ስብሰባ ፊት ቆሞ «እኔ ነኝ» ይበል የሚለውን ደንብ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስንቱን አስቁሜያለሁ። በራሴ ሲመጣ በአይጥ አሳበብኩ።

በቀብሩ ማግስት ለሜላት ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ቴፕ ተውሳ መጣች። እልልታው፣ ጭብጨባው አለፈ። የሰርጉ ድምፅ ቀጭ ብሎ ሲቋረጥ ጋሽ ደምሴ መዝፈን ጀመሩ። የዘፈናቸው መጨረሻ ተርፎ ኖሯል። ከዚያ አኮርዲዮኑ ቆመና፣ «ነገ አሻሽዬ እቀዳዋለሁ» አሉ። ያን ቀን ቤቴ ሲመጡ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህን በጆሯቸው ይሰሙት ነበር። እኔ ካሴቷን ለመክፈት እንኳ ፈርቼ፣ የቀረውንም ነፈግኳቸው።

ጋሽ ደምሴ፣ እንደ ደንባችን ቆሜያለሁ፤ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም፤ መልስ መስጠት የማይችልን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ለራስ ማድላት ነው። ሜላት የተረፈውን ለወጣቶቹ በስልክ ልታሰማ ነው፤ ሌላው የት እንደ ሄደ ከዘፈኑ በፊት በራሴ ድምፅ ተናግሬያለሁ። እርስዎ አሁን ይረፉ። ለእርስዎ የተከልነው ድንኳን ሦስቱንም ቀን ዝናብ አላስገባም።