አባቴ ያልመረጠው የአውሮፕላን ትርኢት

ከአባቴ ከባሻ ወልዴ ልጀምር፤ በወጣትነቱ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ግቢ ገብቶ፣ የአውሮፕላን ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ ከእኛ ጋር ሊኖር የመጣ ሰው ነው። የምንኖረው ኮሎምበስ ነው፤ ባለቤቴ መሠረት ከከተማዋ ጥግ ዎርዝንግተን ውስጥ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቢሮ ትሠራለች። ልጃችን ናትናኤል ትርኢቱን ባየንበት ዓመት አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፣ ታናሽ እህቱ ቤተልሔም ደግሞ አሥር። ሰይድ ከወሎ የመጣ፣ የጭነት መኪና የሚነዳ፣ ሳይታይ ሳቁ የሚሰማ ጎረቤታችን ነው። እኔ አሰፋ እባላለሁ፤ ፖላሪስ በሚባል የገበያ ሰፈር ውስጥ የሱቆችንና የቢሮዎችን ማሞቂያና ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ፣ ሙያውንም ያገኘሁት ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ነው። ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው አንድ አደጋ አለበት፤ አጥንቶ የደረሰበትን ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ ድምፅ ነው። ኮሮና በገባበት ዓመት ሰመር ላይ፣ ሚነርቫ ፓርክ ባለው ቤታችን ጓሮ ቲማቲም ውሃ እያጠጣሁ ሳለ፣ ከዛፎቹ በላይ ወፍራም፣ ደረት ውስጥ ገብቶ የሚንጎደጎድ የአሮጌ አውሮፕላን ሞተር አለፈ። አባባ ከፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ሳይነሳ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «የትኛው ነው?» አለኝ። ፀጉሬ ሸብቶ፣ የቤትና የልጆች ባለቤት ሆኜ፣ እንዳልሳሳት ፈራሁ።

ልጅ ሳለሁ ይህ ጥያቄ ከምሳ ጋር የሚቀርብ ነበር። ቤታችን ከማኮብኮቢያው ብዙም አይርቅም ነበርና፣ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የመደርደሪያው ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ፣ አባባ ጉርሻውን እንደያዘ «የትኛው ነው?» ይለን ነበር። እህቶቼ ዝም ሲሉ እኔ ግን እቸኩል ነበር። ስሳሳት አይቆጣም ነበር፤ «ካላወቅህ አላውቅም በል፣ በግምት የተጠገነ ሞተር ሰው ይገድላል» ብሎ ጉርሻውን ወደ አፉ ይልክ ነበር። ማታ ሲመጣ ቱታው ቤንዚንና የተቃጠለ ዘይት ይሸት ስለነበር እናቴ በር ላይ አስወልቃ ውጭ ትሰቅለው ነበር፤ እጁን ግን በምንም ሳሙና ቢታጠብ ሽታው ስለማይለቀው፣ ራሴን ሲዳብሰኝ ሽታው ከእኔ ጋር ያድር ነበር።

በክረምት ደመናው ዝቅ ብሎ የከተማችንን ሐይቅ ሲሸፍን በረራ ይቀንስ ነበር፤ አባባም እንደታሰረ ሰው እየተቅበጠበጠ፣ ያልተበላሸውን የጎረቤት ሬዲዮ ሳይቀር ይፈታ ነበር። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራና ሞተሮቹ እንደገና ሲጮኹ ግንባሩ ይፈታ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ቲ-28 የምትባለውን፣ አብራሪዎች የሚለማመዱባትን ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነበር። ጄቶቹን የሚጠግኑ ሌሎች ነበሩ፤ እሱ «የኔዋ» የሚለው ይህችን ነበር።

በበጋ የሠራተኛ ቤተሰብ ወደ ግቢው የሚገባበት ቀን ነበር። ሰባት ዓመት የሞላኝ ጊዜ አባባ ጫማዬን ራሱ ቀብቶልኝ፣ ከግቢው በር እንደገባን ቆም ብሎ፣ «ጄቶቹ ጋ ልውሰድህ ወይስ እኔ የምሠራበት?» አለኝ። ከዚያ ቀን በፊት ምርጫ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር፤ ድንገት ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ «ጄቶቹ ጋ!» አልኩ። ወሰደኝ፣ እጄን ይዞ ፀሐይ ላይ ከጎኔ ቆሞ ዋለ፣ እሱ ወደሚሠራበት የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋር በኩልም አልዞረም። ሳምንቱን ሙሉ ያችን አውሮፕላን ሲወለውል እንደሰነበተ፣ እኔን አብራሪው ወንበር ላይ ሊያስቀምጠኝም አለቃውን ለምኖ እንዳስፈቀደ የሰማሁት ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ከእናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ነው። «ታዲያ ለምን አልነገረኝም?» ብላት፣ «አንተስ ለምን ደግመህ አልጠየቅኸውም?» አለችኝ። ለሰባት ዓመት ልጅ ከባድ ፍርድ ነው ብዬ ተከፋሁባት። ፍርዱን ለሃምሳ ዓመቱ ልጇ እንደምትሰጥ ያኔ አላወቅሁም።

ወደ ኮሎምበስ ልመለስ። ጓሯችን ላይ ድምፁ ካለፈ በኋላ፣ ያረጁ የጦር አውሮፕላኖች የሚበሩበት ትርኢት እንደማሳየው ለአባባ ቃል ገባሁ። በዚያ ዓመት ሁሉም ነገር ካንስል ሆነ። በተከታዩ ዓመት አንዳንዱ ሲከፈት እኔ ኦቨርታይም ይዤ «ለከርሞ» አልኩ። ከዚያ በረዶው መጣ፤ በአንድ የጥር ጠዋት የዓይን ሐኪሟ፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ የሁለቱንም ዓይኖቹን ዳር ዳር እንደበላው፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውም ዓመት ላይቆይ እንደሚችል ነገረችን። አባባ ወደ መኪናው ስንመለስ፣ «በቱቦ ውስጥ እንደማየት ነው፤ ቱቦው ግን ንጹሕ ነው» አለኝ። እኔን ለማጽናናት ነበር የተናገረው።

የዚያን ዕለት «ለከርሞ» የሚለው ቃል ምን ያህል ርካሽ እንደሆነ ገባኝ። ስፕሪንግ ሲገባ ደብተር ገዝቼ ትርኢቶቹን ማጥናት ጀመርኩ። ከኮሎምበስ በስተ ሰሜን፣ ትልቁ ሐይቅ ዳር የሚደረገው ሩቅ ስለነበር ሰረዝኩት። ሁለት ቀሩ። አንደኛው ከቤታችን ወደ ምዕራብ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስነዳ፣ ጄቶች በሰልፍ የሚበሩበት፣ ብዙ ሺህ ሰው የሚጎርፍበት ትልቁ ትርኢት ነበር። ሌላውን ያገኘው ሰይድ ነው፤ ኮል አደረገኝና፣ «አሴ፣ ሎድ ይዤ ሳልፍ ምን የመሰለ ነገር አየሁ መሰለህ! በቆሎ እርሻ መሀል፣ ሣር ላይ የሚያርፉ አሮጌ ፕሮፔለሮች ብቻ። ፖስተሩን ልኬልሃለሁ፣ ለባሻ አሳያቸው» አለኝ። ፖስተሩ ላይ ቲ-28 ነበረች። ሁለቱም ትርኢቶች በአንድ ቅዳሜ ነበር የዋሉት፤ እሑድም ይቀጥላሉ፣ እኔ ግን ቅዳሴ አስቀርቶ ትርኢት የሚሄድ ቤት አላስተዳድርም ብዬ እሑድን ገና ከመጀመሪያው ዘጋሁት።

ስልኬን ለአባባ ሰጥቼ ሁለቱንም አሳየሁት። ትንሹን ፖስተር ወደ ዓይኑ አስጠግቶ ረጅም ጊዜ ያዘው።

«ትልቁ ይሻልሃል ወይስ ትንሹ?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጆቹን ደስ የሚላቸው ይሁን» አለና ስልኩን መለሰልኝ።

ተመስገን ብዬ ደብተሬን ከፈትኩ። መሠረት ከኩሽና ሆና ትሰማ ነበርና እጇን እያደራረቀች መጣች።

«አንድ ጊዜ ጠይቀህ ተውከው?»

«መለሰልኝ እኮ!»

«አሰፋ፣ እኚህ ሰው እኮ ሦስቴ ካልለመንኳቸው፣ በሞቴ ካላልኳቸው፣ ሾርባ እንኳ አይጨምሩም!»

«ሾርባ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። እዚህ አገር ሰው የተናገረው፣ የተናገረው ነው። የአባቴን ቃል ማክበር ደግሞ ጥፋት ሆነ?»

«እሳቸው እዚህ አገር የመጡት ትናንት ነው» አለችና ወደ ድስቷ ተመለሰች።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ወደ ትልቁ አዘንብሎ ነበር። ለአባቴ ትልቅ ነገር ማድረግ፣ ሲደረግም መታየት ፈልጌ ነበር። የአውሮፕላኑን ብዛት፣ መቀመጫውን፣ ጥላውን፣ መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር በደብተሬ ነጥብ ሰጥቼ ደመርኩ፤ ትልቁ በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። ቤተሰቡን ሰብስቤ ውጤቱን አነበብኩላቸው። ናትናኤል ስልኩን ሳይለቅ «ኩል» አለ። ቤተልሔም አንድ ነገር ልትናገር ስትል፣ «ተወስኗል» ብዬ ደብተሩን ዘጋሁት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ደረስን፤ ከሃይዌዩ ወጥተን መኪና ማቆሚያው እስክንገባ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ናትናኤል፣ «ዳድ፣ ሲሪየስሊ፣ በእግር ብንሄድ እንቀድም ነበር» አለ፣ እኔም ጮኽኩበት። አስፋልቱ ይንቀለቀል ነበር። ነጥብ የሰጠሁት ጥላ ሌላ ትኬት የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ። አባባን ታጣፊ ወንበር ላይ አስቀምጬ ኮፍያውን አስተካከልኩለት፣ እሱም ለክብሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ ነበር የመጣው።

ጄቶቹ መጡ። ቤተልሔም የጆሮ መድፈኛ አድርጋ እንኳ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅስ ነበር። ሕዝቡ ይጮኻል፣ አባባ ደግሞ ድምፁ ወደሚመጣበት ፊቱን ያዞራል፤ እሱ ወደዚያ ሲያይ ጄቱ ቀድሞ ሌላው ጫፍ ደርሷል። እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ድምፁ ያለበትን ባዶ ቦታ ያያል። በዚያች ጠባብ ቱቦ ድምፁ እስኪደርስ ቦታውን ለቆ የሄደ ነገር መያዝ አይቻልም፤ ይህን የፊዚክስ መጽሐፍ አንብቤ የማውቀው ሰው፣ ደብተሬ ውስጥ አላሰፈርኩትም። ጣቴን ቀስሬ «ያውልህ! እዚያ! እዚያ!» እለው ነበር። «አዎ፣ አዎ፣ ጥሩ ነው» ይለኝ ነበር፣ ሌላ ቦታ እያየ። ከአራተኛው በኋላ መጠቆሜን ተውኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ «ፕሮፔለር ያለው የለም?» አለኝ። የዚያን ቀን ሁሉ የጠየቀው ነገር ይህ ብቻ ነበር። የሚበር አልነበረም፤ መሬት ላይ የቆመ አንድ አገኘሁለትና ክንዱን ይዤ ወሰድኩት። የእሱ ዓይነት አልነበረም፣ ቢሆንም ገመዱን ተሻግሮ እጁን ወደ ሞተሩ ሽፋን ዘረጋ። ጠባቂው ሽማግሌ በትህትና እንዳይነካ ጠየቀው፤ ተረጎምኩለት። አባባ እጁን ሰብስቦ፣ «ልክ ነው፣ እኔም አላስነካም ነበር» አለ። የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

ስንመለስ አባባ ከፊት ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ከኋላ ቤተልሔም በቀስታ፣ «አባባ እኮ ትንሹን ነበር የፈለገው» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሱ። ስጠይቀው ኖ አለኝ፣ ደግሜ ጠየቅሁት ኖ አለኝ፣ ከዚያ ደግሜ ስጠይቀው፣ ‹የኔዋ እዚያ ናት› አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ስል ዲሳይድ አድርገናል አልክ።»

ያን መንገድ መሪውን ጨብጬ የነዳሁት በንዴት ነበር፤ በትራፊኩ፣ በፀሐዩ፣ በአባባ ይሉኝታ፣ ከሁሉም በላይ በዚያ የማይረባ ደብተር።

ቤት ስንደርስ ሰይድ በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። በትንሹ ሜዳ በኩል ሲያልፍ መኪናውን አቁሞ ገብቶ ነበር። «ባሻ፣ አጣኋችሁ እኮ! ከአጥሩ ሥር ቆሜ ስፈልጋችሁ ነበር» አለ፤ የት እንደሄድን ስነግረው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጄት እኮ ቲቪም ላይ አለ!» አለኝ፣ ፊቴን ሲያይ ግን ቀልዱን ዋጠው። ቪዲዮ ቀርጾ ነበር። ቲ-28 በሜዳው ላይ ዝቅ ብላ፣ ቀስ እያለች፣ የሚያያት ሁሉ እስኪጠግብ ዞራ ትመለሳለች። አባባ ስልኩን ከዓይኑ ጋር ሊያጣብቀው ደርሶ ትንሽ ሞከረ፣ ከዚያ ወደ ጆሮው አዞረው። እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «ሞተሯ ጤነኛ ነው። ጥሩ ሰው ይዟታል» ብሎ ለሰይድ መለሰለት።

ቅጠሉ ሲረግፍ ወደ ትንሹ ሜዳ ደወልኩ። የአውሮፕላኗ ባለቤት ለበረዶው ወራት ወደ ደቡብ ይዟት እንደሄደ፣ ትርኢቱም ለከርሞ እንደሆነ ነገሩኝ። በዚያው ወር የአባባ ቀኝ ዓይን ጠፋ፣ ግራው ብርሃንና ጥላ ብቻ መለየት ጀመረ። ከርሞ ለእኔ አለ፣ ለእሱ የለም። አሁን ሁሉንም ነገር ሦስት ጊዜ እጠይቀዋለሁ፤ ብርድ ልብስ፣ ሻይ፣ መስኮት። «ምነው ልጄ፣ አልፈልግም አልኩ እኮ!» እያለ ይቆጣኛል፤ አንዳንዴ እውነቱን ነው፣ አልፈልግም ሲል አለመፈለጉ ነው፣ ዛሬም ለይቼ አላውቅለትም።

በልጅነቴ ያን ግቢ የገባነው በነፃ ነበር፤ አባቴ ዓይኑ ሙሉ ነበር፣ እኔም ያላየሁትን ነገር ለማየት ገና ሙሉ ዕድሜ ነበረኝ። አሁን ቁጭ ብዬ የደመርኩት ትኬቱን፣ ፓርኪንጉን፣ ቤንዚኑን፣ ምሳውንና የጆሮ መድፈኛውን ነው። ትንሹ ሜዳ በመኪና አሥር ዶላር ነበር። እኛ ለአምስታችን ሦስት መቶ ሃያ ሁለት ዶላር ከፍለን፣ አባባን ሙሉ ቀን ባዶ ሰማይ አሳየነው።