የታጠበው ከሰል

እርጥብ የድንጋይ ከሰል ሲሸተኝ ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ዝናብ የነካው ጭነት ሲመጣ ያ ጠረን በምሠራበት ላቦራቶሪ መስኮት ይገባና ኮምቦልቻ መሆኔን ያስረሳኛል። ደሴ፣ አንድ የከሰል ደላላ ግቢ ውስጥ፣ አባቴ አጠገብ እቆማለሁ።

የአሥራ አምስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ። አባቴ ከኩታበር በላይ ካለው ገደል የቆፈረውን ከሰል እንዲገዛው ደላላውን ቢለምነው፣ «አጥባችሁ አምጡት፤ ንጹሕ ካልሆነ ገዢ አያየውም» አለው። አመንነው። ሁለት ቀን ሙሉ ወንዝ ወርደን እያንዳንዷን አንኳር በጨርቅ እያሸን አጠብን፤ ውሃው ገና ሳይንጠፈጠፍ በአህያ ጭነን ወሰድነው። ደላላው ገዢዎቹ ፊት አንዱን አንስቶ እሳት ላይ ጣለው። ጢስ ብቻ ወጣ።

«ድንጋይ አምጥተህ ከሰል ነው ትለኛለህ?» ሲለው ግቢው በሳቅ ሞላ።

«ወላሂ ይነዳል ጌታዬ፣ ትንሽ ይድረቅ ብቻ» አለ አባቴ። እርጥብ ከሰል ቶሎ እንደማይነድ ደላላው አሳምሮ ያውቃል። «ድንጋዩን» እዚያው አስጥሎ አባረረን፤ በሳምንቱ ለፋብሪካ መሸጡን ሰማን። ከሁሉ ያልወጣልኝ ግን ያ ሳቅ ነው።

ቂሜን ይዤ ተማርኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ ኬሚስትሪ የወደድኩት ለዚያ ቂም ስል ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሬ ከሰል መርማሪ ሆንኩ፤ እኔ «አይሆንም» ካልኩ የጭነት መኪና ከበር ይመለሳል። ባለፈው ዓመት የደላላው ስም ያለበት ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። ከሰሉ ከየት እንደተቆፈረ አይልም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ናሙናው ደረቅ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥሩ ከሰል ነበር። የምጠጣውን ውሃ አንስቼ አፈሰስኩበት። ከዚያ መዘንኩትና «እርጥበቱ ከልክ ያለፈ» ብዬ ፈረምኩ። መኪናው ሲዞር በመስኮት እያየሁ ብቻዬን ሳቅኩ። ያን ቀን ምሳዬ እንዴት እንደጣመኝ!

በዚያው ሳምንት ጁምዓ ዕለት አባቴን ልጠይቅ ወጣሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ከደላላው ጋር መሥራት ትቷል ብዬ ነበር የማምነው። ለካ መኪና ያለው ሌላ ሰው ሲጠፋ አባቴ ከነጎረቤቶቹ ወደ ደላላው ተመልሷል፤ ፋብሪካው ካልተቀበለ ደግሞ ኪሳራው የቆፋሪዎቹ እንዲሆን ደላላው አስማምቷቸዋል።

«ዘንድሮም እንደ ድንጋይ ጣሉብን፣ ልጄ፤ እርጥብ ነው አሉ» አለኝ። «ወላሂ ጠብታ ውሃ አላስነካነውም። ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ላይ እያገላበጥን አድርቀን ነው የሰደድነው።»

 ደላላውን ያኔም አልማርኩት፣ ዛሬም አልምረውም። እኔን ግን ማን ይማረኝ? ውሃ ቀድቼ እጁን አስታጠብኩት። አባቴ ሳያደርቀው ዘርግቶ መረቀኝ፦

«አላህ በልብሽ ያሰብሽውን ይሙላልሽ።»

አሚን ማለት አቃተኝ።