ሰባት ቤት ተቆጥሮ

እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትና ውጤት በምትጠብቅበት ክረምት ሌላ ሥራ ስላልነበራት ሰው ማጋባት ጀመረች። እሷ ታጋባለች፣ እኔ እየተከተልኳት እደክማለሁ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት አስተማሪ ተከራይታ ትኖር ነበር። እናቴ ሳትቀር ሁላችንም «ቲቸር» ነው የምንላት። ክረምቱን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ማታ ዝናብ ደብድቧት ትገባና በረንዳው ላይ ጫማዋን ስታጥብ ስልኳ ይጮሃል። አባቷ ናቸው፣ ከትውልድ ከተማዋ ከገሱባ። አንድ ነጋዴ ሽማግሌ ልኳል፤ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ስትመጣ መልሷን ይፈልጋሉ። እሺ ካለች ትምህርቱም እዚህ ሶዶ መኖሩም ቀረ። እምቢ እንዳትል ደግሞ አባቷ «ሌላ ሰው ካለሽ ንገሪኝ» ይሏታል። ሌላ ሰው የላትም።

እህቴ ይቺን ሰማችና እንቅልፍ አጣች።

በዚያው ሰሞን የግቢያችንን መብራት ሊጠግን አንድ ኤሌክትሪሽያን መጣ፤ ቤሌ ከሚባል ከተማ የመጣ ልጅ ነው። ቲቸር ጃንጥላዋን ዘርግታ ስትወጣ መሰላሉ ላይ ቆሞ ሥራውን ረሳ። ለእህቴ ይኼ በቂ ነበር።

«ቲቸር፣ ሰው አግኝቼልሻለሁ።»

«ምን ያጣ ሰው ነው?»

«ሚስት ብቻ።»

«ተይኝ እባክሽ፣ ደክሞኛል።» ከጫማዋ ቀና አላለችም። ጥቂት ቆይታ ግን፣ «ዝምድናችንን አጣርተሻል?» አለች።

«አብጠርጥሬ።»

አብጠርጥራለችም። የእኛ አያቶች ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እኛ ቤት ጋብቻ ሲታሰብ አያት ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ የሚገናኝ ስም ከሌለ አለቀ። እህቴ የቲቸርን አባት ሊጠይቋት የመጡ ጊዜ በጨዋታ አስመስላ አስቆጥራቸዋለች። ኤሌክትሪሽያኑን ደግሞ መሰላል ይዛለት ስታስቆጥረው ዋለች። አንድም ስም አልተገናኘም።

ቅዳሜ ከመናኸሪያው በላይ ያለው ጁስ ቤት ተቀጣጠሩ። ሁለቱ ብቻቸውን ቢታዩ ወሬ ስለሚሆን እኔና እህቴ አጠገባቸው ተቀመጥን። መጀመሪያ በአማርኛ ስለ ዝናቡ አወሩ። ከዚያ ወደ ወላይትኛ ገቡ፣ ቲቸርም ሳቀች። እሷ ስትስቅ መቼ እንዳየሁ አላስታውስም። ፀጉሯን ተሠርታ እንደመጣችም ያኔ ነው ያየሁት።

ልጁ አንድ ነገር ጠየቃት፣ መለሰችለት። ማንኪያውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ቃል ተናገረ።

«ምን አላት?» አለችኝ እህቴ። ወላይትኛ ከእሷ እኔ እሻላለሁ።

«‹እህቴ› አላት።»

«ምን ማለት ነው? ገና መተዋወቃቸው ነው።»

«ጎሳቸው አንድ ነው። አይጋቡም።»

«አንዱ ቤሌ፣ አንዷ ገሱባ! ሰባት ቤት ቆጥሬያለሁ እኮ።»

ቲቸር ሰማቻት። «ጎሳው አንድ ከሆነ መቶም ብትቆጥሪ ወንድሜ ነው» አለች። አልተቆጣችም። የአቮካዶ ጁሷን ሳትጠጣ ታማስለው ጀመር። እህቴ ጠረጴዛው ሥር ብትገባ በወደደች።

ስልኩ ጮኸ። ቲቸር ስሙን አይታ ገለበጠችው።

«ማነው?» አለ ልጁ።

«አባቴ» አለችና ነገሩን ሁሉ ነገረችው። ለሁለት ወር ለማንም ያልነገረችውን፣ እኛም በረንዳ ላይ ተደብቀን የሰማነውን።

ልጁ ወንበሩን ጠጋ አደረገ። «ባል ልሁን ብዬ ብመጣ አባትሽ በዱላ ነው የሚቀበሉኝ» አለ። «ወንድም ከሆንኩ ግን ወንበር ይሰጡኛል። አባታችንን እኔ አናግራለሁ።»

ለጊፋታ አብረው ወደ ገሱባ ሄዱ። እንደነገረችን፣ ሥጋው በዳጣ ተበልቶ ሲያበቃ ልጁ ከሽማግሌዎቹ መሃል ብድግ አለ። እህቱ ትምህርቷን ሳትጨርስ እንደማትሰጥ፣ የቤሌ ዘመዶቹም ይህንኑ እንደሚሉ ተናገረ። አባቷ ተቆጡ፣ ከየት መጣህ አሉት፤ አባቱንና ጎሳውን ጠይቀው ሲያበቁ ግን የዘመዳቸውን ልጅ ማስወጣት አልቻሉም። ሲመሽ የነጋዴው ሽማግሌዎች ትምህርቷን እስክትጨርስ ጠብቁ ተብለው ተሸኙ።

ቲቸር ስትመለስ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። እህቴ በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«እና ምን ተሰማሽ?»

«ወገቤን። ያንን መንገድ አታውቂውም።»

«ቢሆንም ደስ ይላል፣ ወንድም አገኘሽ።»

ቲቸር ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ወንድምማ አራት አለኝ» አለች። ነገ ተማሪዎቿ ስለሚጠብቋት በጠዋት እንድንቀሰቅሳት ነግራን በሯን ዘጋች።